በሕዝብ ስም የምትናገረው ሴት፦ የቼክን ቲያትርና ጾታ ለማጥናት ለተነሣች ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ብርኖ ከተማ የቲያትር ጥናት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን ‹ከ1948 እስከ 1989 በቼክ ቲያትር የሴቶች ጭቆና› በሚል ርእስ ለመሥራት አስቤአለሁ። መነሻ ሐሳቤ የኮሚኒስቱ ሥርዓት ሴት ባለሙያዎችን አፍኖ እንደ ነበር፣ ከ1989 በኋላ ግን ነጻ እንደ ወጡ ማሳየት ነው። ቼክኛዬ ገና ስለ ሆነ በእንግሊዝኛ የተተረጎሙ ተውኔቶችን አንብቤ ከዐሥር ተዋንያን ጋር ቃለ መጠይቅ ለማድረግ አቅጃለሁ። አማካሪዬ ርእሱን ሁለት ጊዜ መለሱብኝ፤ ‹ሰፊ ነው› ከማለት በቀር ዝርዝሩን አልነገሩኝም። ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦ ርእስሽ ሰፊ መሆኑ ትንሹ ችግር ነው። ትልቁ ችግር መልሱን ከጥያቄው አስቀድመሽ መጻፍሽ ነው። «ጭቆና» የሚለውን ቃል ሽፋኑ ላይ ካሰፈርሽ በኋላ ቤተ መዛግብት ገብተሽ የምትፈልጊው የተጨቆነችውን ሴት ብቻ ይሆናል። እርሷን አታጪያትም። ነገር ግን በዚያው ዘመን፣ በዚያው ከተማ፣ ማይክሮፎን ፊት ቆማ የምትናገረውን ሌላዋን ሴት ሳታዪ ታልፊያለሽ፤ ያለ እርሷ ደግሞ የመጀመሪያዋም ታሪክ አይገባሽም። ስለዚህ ከማይክሮፎኑ ልጀምር። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጃንዋሪ 28 ቀን 1977 የፕራግ ብሔራዊ ቲያትር አዳራሽ በተዋንያን፣ በአዘጋጆች፣ በደራስያንና በሠዓልያን ተሞልቶ ነበር። የተጠሩት ትርኢት ለማየት አልነበረም። በዚያው ወር መጀመሪያ «ቻርተር 77» የተባለው ሰነድ ወጥቶ፣ መንግሥት ራሱ የፈረመባቸውን የሰብአዊ መብት ስምምነቶች እንዲያከብር ጠይቆ ነበር። ባለ ሥልጣናቱም የኪነ ጥበቡን ሰዎች ሰብስበው በሰነዱ ደጋፊዎች ላይ የውግዘት መግለጫ አስፈረሟቸው። ቼኮች ይህን «አንቲካርታ» ይሉታል። የቻርተሩ ጽሑፍ በአገሪቱ ጋዜጦች ታትሞ አያውቅምና ብዙዎቹ ፈራሚዎች ያላነበቡትን አወገዙ። ያን መግለጫ መድረክ ላይ ወጥታ ያነበበችው ተዋናይት ዪርዢና ሽቮርጾቫ ናት። የፓርቲው ማእከላዊ ኮሚቴ አባል ነበረች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ በዐሥራ ሁለት ክፍል የቀረበ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ፣ በአንድ የፕራግ የምግብ መደብር ውስጥ የምትሠራውን አና ሆሉቦቫን ሆና በየቤቱ ገባች። የድራማው ስም «ከባንኮኒ ጀርባ ያለችው ሴት» እንደ ማለት ነው። አና ከባልዋ የተለየች የሁለት ልጆች እናት ናት፤ የሁሉንም ችግር ታዳምጣለች፣ የሁሉንም ጠብ ታበርዳለች፣ የመደብሩም መደርደሪያ ሁልጊዜ ሙሉ ነው።

አሁን ወደ ሌላዋ ሴት ነይ። ቭላስታ ኽራሞስቶቫ በ1926 ብርኖ፣ አንቺ ባለሽበት ከተማ የተወለደች ተዋናይት ናት። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ከሽቮርጾቫ ጋር በአንድ ቤት፣ በፕራጉ የቪኖህራዲ ቲያትር፣ ትሠራ ነበር። የ1968ቱ የሶቪየት ወረራ ካለፈ በኋላ መድረኩ ቀስ በቀስ ተዘጋባት። ከ1976 ጀምሮም ቲያትሩን ወደ መኖሪያ ቤቷ አስገባችው። ቼኮች «ቢቶቬ ዲቫድሎ» ይሉታል፤ የአፓርታማ ቲያትር ማለት ነው። ተመልካቹ ወዳጅ ዘመድ ነው፤ ፖሊስ ደጅ ላይ ሊቆም፣ ገቢና ወጪውን ሊመዘግብ ይችላል። ቻርተር 77ን ፈርማለች። በ1978 ተውኔት ጸሐፊው ፓቬል ኮሆውት የሼክስፒርን ማክቤዝ ለአምስት ሰው አሳጥሮ ሲያዘጋጅ ሌዲ ማክቤዝን የተጫወተችው እርሷ ናት። አስቢው፤ የንጉሥ ግድያ የሚዶለትበት ግንብ የአንድ ቤተሰብ ሳሎን ነው። እጇ ላይ ያለውን የማይለቅ ደም የምታጥበው ሴት ከፊት ረድፍ ካለው ተመልካች ጉልበት አንድ እርምጃ ርቃ ነው የቆመችው። መጋረጃ የለም፣ የመብራት ክፍል የለም፣ ከትርኢቱ በኋላ የሚዘጋ በር እንኳ የቤቱ የመግቢያ በር ነው።

እንግዲህ መነሻ ሐሳብሽን በእነዚህ በሁለቱ ሚዛን ላይ አስቀምጪው። ሥርዓቱ ሴቶችን አፈነ ብትዪ ሽቮርጾቫ ምን ልትባል ነው? ሥርዓቱ ለሴቶች ድምፅ ሰጠ ብትዪስ ኽራሞስቶቫ? ሁለቱም ድምፅ ነበራቸው። ልዩነቱ የማንን ጽሑፍ፣ በየትኛው ክፍል፣ በማን ፊት ያነባሉ በሚለው ላይ ነው። ጥናት የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ሽቮርጾቫ የቆመችበትን ቦታም ልብ በዪ። የብሔራዊ ቲያትሩ የመሠረት ድንጋይ በ1868 የተጣለው ከየመንደሩ በተዋጣ ገንዘብ ነው። በ1881 ተከፍቶ በሁለት ወሩ በእሳት ሲወድም ሕዝቡ እንደገና አዋጥቶ በ1883 አስከፈተው። ከመድረኩ በላይ «ሕዝብ ለራሱ» የሚል ጽሑፍ አለ። የተመረቀው በስሜታና ኦፔራ «ሊቡሼ» ነው። ሊቡሼ በአፈ ታሪክ የቼኮች ገዥና ነቢይት ናት። ሁለት ወንድማማቾች በርስት ተጣልተው ፊቷ ይቆማሉ፤ ፍርዱ የከፋው ወንድም «በሴት መገዛት ውርደት ነው» ብሎ ይነሣል። እርሷም ፕርዤሚስል የተባለውን ገበሬ ከሞፈሩ አስጠርታ ታገባውና ሥልጣኑን ታጋራዋለች። ኦፔራው የሚያልቀው ግን በእርሷ ድምፅ ነው፤ የወገኗን መጪ ዘመን እያየች ትንቢት ትናገራለች። ስለዚህ አንዲትን ሴት በዚያ መድረክ አቁሞ በሕዝብ ስም እንድትናገር ማድረግ የኮሚኒስቶች ፈጠራ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት የተዘጋጀ ቦታ ነበር፤ እነርሱ የራሳቸውን ጽሑፍ አስያዟት። ኽራሞስቶቫም በ1979 በሳሎኗ ያቀረበችው ስለ ቦዤና ኔምጾቫ የተጻፈ ተውኔት ነበር። ኔምጾቫ የቼክ ሥነ ጽሑፍ እናት ተደርጋ የምትታይ፣ በ1862 በድህነት የሞተች ደራሲ ናት። አየሽ? ሁለቱም ተዋንያን ከአንድ ጎተራ ነው የዘገኑት። ሁለቱም የሚናገሩት «የወገን ድምፅ የሆነች ሴት» በሚለው አሮጌ ሚና ውስጥ ሆነው ነው። እንደ እኔ እምነት የጥናትሽ ልብ እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ቲያትርን በሕንፃ ውስጥ ብቻ መፈለግሽ ነው። ርእስሽ ስለ ማኅበረሰብና ስለ ጾታ ከሆነ ትርኢት የሚባለው ነገር ሰፋ ይላል። በ1950 የጠበቃዋና የቀድሞዋ የፓርላማ አባል የሚላዳ ሆራኮቫ ችሎት የተካሄደው እንደ ተውኔት ነው። ተከሳሾቹ ጥያቄውንም መልሱንም አስቀድመው እንዲያጠኑ ተደርገዋል፣ ክፍሎቹ በራዲዮ ተሰራጭተዋል፣ ከየፋብሪካውና ከየመሥሪያ ቤቱ «ይቀጡ» የሚሉ ደብዳቤዎች በሺህ እየተቆጠሩ ጎርፈዋል። ከዐቃብያነ ሕጉ መካከልም ሴት ነበረችበት። ሆራኮቫ ግን የተሰጣትን ድርሰት ጥሳ ወጣች፤ እምነቷን በራሷ ቃል ተከላከለች። በጁን 27 ቀን ተሰቀለች። በ2008 አቀናባሪው አሌሽ ብርዤዚና የችሎቱን ቃለ ጉባኤ ወደ ኦፔራ ሲለውጠው ሆራኮቫን ሆና የቀረበችው ሰማንያ ዓመት ያለፋት ዘፋኝ ሶኛ ቼርቬና ነበረች። ዕድሜዋን ሳስብ ሁልጊዜ እቆማለሁ፤ ሆራኮቫ ስትገደል አርባ ስምንት ዓመቷ ነበር።

ከዚህ ሌላ የስትራሆቭ ስታዲየም አለ። ከ1955 እስከ 1985፣ ከ1970 በስተቀር በየአምስት ዓመቱ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀሱበት ስፓርታኪያዳ የተባለ የጂምናስቲክ ትርኢት ይቀርብ ነበር። ትርኢቱ በጾታና በዕድሜ የተከፋፈለ ነው፤ ወታደሮቹ እርስ በርስ ተሸካክመው የሰው ግንብ ይሠራሉ፣ እናቶች ከትንንሽ ልጆቻቸው ጋር ይወጣሉ። ሥርዓቱ ወንድነትንና ሴትነትን እንዴት እንደሚያይ ለማወቅ ከማንኛውም መግለጫ የበለጠ ያስረዳል።

ይህ ሁሉ የመንግሥት ሥራ ብቻ እንዳይመስልሽ በደቡብ ምሥራቅ ሞራቪያ ያለችውን ቭልችኖቭን ተመልከቺ። በየዓመቱ በሜይ መጨረሻ «የነገሥታት ግልቢያ» ይካሄዳል፤ በ2011 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ንጉሡ ከዐሥር እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነው። የሚለብሰው የሴት ልብስ ነው፤ ፊቱ በሪባን ይሸፈናል፤ በከንፈሩ መካከል ጽጌረዳ ይዟል። ጽጌረዳውን እንዳይጥል መናገርም መሳቅም አይችልም። ዙሪያውን ጎራዴ የያዙ ጎልማሶች ይጠብቁታል። ሰዎች ሲያስረዱ «ንጉሥ ማትያስ በሴት ልብስ ተደብቆ ያመለጠበት መታሰቢያ ነው» ይሉሻል፤ አፈ ታሪክ ነው፣ እንደ ታሪክ ማስረጃ አትጥቀሺው። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ሊቡሼ ሴት ሆና ትናገራለች፤ ይህ ንጉሥ ወንድ ሆኖ በሴት ልብስ ዝም ይላል። ድምፅና ጾታ እንዴት እንደሚተሳሰሩ ከዚህ የበለጠ ጥርት ያለ ሥዕል አላየሁም።

ስለ 1989 የያዝሽው ሐሳብም መታረም አለበት። እርግጥ ነው፣ ቲያትር ቤቶች ለዚያ ለውጥ ልብ ነበሩ። ኖቬምበር 17 ፖሊስ ተማሪዎቹን ከደበደበ በማግስቱ የቲያትር ተማሪዎችና ተዋንያን ተሰብስበው የሥራ ማቆም አድማ አወጁ፤ በትርኢት ፋንታ መግለጫ ይነበብ፣ ከተመልካች ጋር ውይይት ይደረግ ጀመር። ለውጡን የመራው ሲቪክ ፎረም የተባለው ንቅናቄ የተመሠረተውም በአንድ ቲያትር ቤት ውስጥ ነው። ነገር ግን «ከዚያ በኋላ ሴቶች ነጻ ወጡ» ማለት አትችይም። በአሮጌው ሥርዓት የሴቶች እኩልነት የመንግሥት መፈክር ነበረ፤ ሴቶች ቀን በሥራ ቦታ፣ ማታ በቤት ሥራ ድርብ ሸክም ተሸክመው ኖረዋል። ከለውጡ በኋላ ብዙ ሰው፣ ሴቶቹም ጭምር፣ «ፌሚኒዝም» የሚለውን ቃል ከአሮጌው መፈክር ወይም ከምዕራቡ ዓለም ከመጣ ስብከት ለይቶ አላየውም። የማኅበረሰብ ሳይንቲስቷ ዪርዢና ሺክሎቫ በ1991 የጾታ ጥናት ማእከል ስትመሠርት የመጀመሪያው ቤተ መጻሕፍት በራሷ መኖሪያ ቤት ነበር። እንደገና አፓርታማ፣ እንደገና የሴት ሳሎን። በ2021 ደግሞ የፕራግ የቲያትር ፋኩልቲ ተማሪዎች «መታገስ የለብህም» የሚል ትርጉም ባለው እንቅስቃሴ ስለ ደረሰባቸው ጥቃትና የሥልጣን ብልግና በይፋ ተናግረዋል። 1989 በር ነው፤ መድረሻ አይደለም። ስለ ተማሪዎቹ እንቅስቃሴ ለመጻፍ ግን አትነሺ። ተናጋሪዎቹ በሕይወት ያሉ፣ ቁስላቸው ያልሻረ ወጣቶች ናቸው፤ ለእነርሱ የሚገባውን ጥንቃቄ በአንድ ዓመት የተማሪ ሥራ መስጠት አይቻልም።

አሁን ወደ ቋንቋው። በእንግሊዝኛ ትርጉም ብቻ ስለ ጾታ ልጽፍ ማለትሽ ከሁሉ የከፋው ዕቅድሽ ነው። ቼክኛ ጾታን በግሱ ውስጥ ይሸከማል። «ህራል» ተጫወተ ነው፣ «ህራላ» ተጫወተች። እስከዚህ ድረስ ለአማርኛ ተናጋሪ ቤቱ ነው፤ እንግሊዝኛ ይህን ሁሉ ይጥለዋል። ቼክኛ ግን ከእኛም ያልፋል። እኛ «ተጫወትሁ» ስንል ተናጋሪው ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም፤ በቼክኛ ሴት «ተጫወትሁ» ስትል ሴትነቷ እዚያው ግሱ ላይ ይታያል። ተዋናይት ስለ ራሷ በተናገረች ቁጥር፣ በወንድ ሚና ውስጥ ብትሆን እንኳ፣ መምረጥ ግዴታዋ ነው።

ብዙ ቁጥሩ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። «ተጫወቱ» ለማለት ሁለት አጻጻፍ አለ፤ አንዱ «ለስላሳው ኢ» በሚሉት ፊደል፣ ሌላው «ጠንካራው ኢ» በሚሉት ያልቃል። በጆሮ አንድ ናቸው። በጽሑፍ ግን ጠንካራው ኢ ተጫዋቾቹ ሁሉም ሴቶች ሲሆኑ የሚጻፍ ነው። መቶ ሴቶች መካከል አንድ ወንድ ከገባ ሕጉ ወደ ለስላሳው ይመልሰዋል። እኔ ተማሪ ሳለሁ የአንድ ቲያትር ቤት የስብሰባ ቃለ ጉባኤ አነብ ነበር፤ «ዘግይተው መጥተው አቤቱታ አቀረቡ» ይላል። ተዋንያኑ ናቸው ብዬ ሁለት ገጽ ጻፍሁ። ከወራት በኋላ ተመልሼ ሳየው ፊደሉ ጠንካራው ኢ ነበር። አቤቱታ ያቀረቡት የልብስ ክፍል ሠራተኞች ነበሩ፤ ሁሉም ሴቶች፤ ቃለ ጉባኤው በስም አልጠራቸውም። በዚያ ሰነድ ውስጥ መኖራቸውን የሚመሰክር አንድ ፊደል ብቻ ነው። እህቴ፣ ይህን ፊደል የማያይ ሰው ስለ ቼክ ሴቶች መጻፍ የለበትም። ስለዚህ ከአሁኑ ጀምረሽ በየቀኑ አንድ ገጽ ቼክኛ በመዝገበ ቃላት አንብቢ። ንግግርሽ ቢንተባተብ ግድ የለም፤ ዓይንሽ ግን መንቃት አለበት።

የሴቶች ስም በታሪክ መጻሕፍት ውስጥም እንዲሁ ይጠፋል። በ1958 የተመሠረተውን፣ ተውኔት ጸሐፊውና ከ1989 በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ቫጽላቭ ሃቬል በኋላ የመድረክ ሠራተኛ ሆኖ የገባበትን፣ ተውኔቶቹም የታዩበትን «ናዛብራድሊ» ቲያትር ስም ሁሉም ያውቀዋል። ከመሥራቾቹ አንዷ ሄሌና ፊሊፖቫ እንደ ነበረች ግን ስንቱ ይጠቅሳል? በቻርተር 77ም የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቃል አቀባዮች ወንዶች ናቸው። በካርቦን ወረቀት እየደራረቡ የታገዱ ጽሑፎችን ሌሊቱን ሲተይቡ ያደሩት ብዙ ሴቶች ግን በሽፋኑ ላይ የሉም።

ምንጭን በተመለከተ ብርኖ መኖርሽ ዕድል ነው። የሞራቪያ ሙዚየም የቲያትር ታሪክ ክፍል አለው። ፕራግ ስትሄጂ በ1959 የተቋቋመው የቲያትር ተቋም የትርኢት መግለጫ፣ የጋዜጣ ቁራጭና ፎቶግራፍ አከማችቷል፤ የአፓርታማ ቲያትሩን ዘመን ጽሑፎች በ1990 በተከፈተው ሊብሪ ፕሮሂቢቲ በተባለው የታገዱ መጻሕፍት ቤት ፈልጊ። የኮሚኒስት ፓርቲው ጋዜጣ ሩዴ ፕራቮ በዲጂታል ቅጂ በነጻ ይነበባል። የቼክ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ይፋ የማድረግ ሕጋዊ ግዴታ ስላለባቸው አንቺ የምትመርጪውን ርእስ የነካ «ዲፕሎምካ»፣ ማለትም የመመረቂያ ጽሑፍ፣ መኖሩ አይቀርም። አንብቢው፤ የመጻሕፍት ዝርዝሩ ብዙ ሳምንት ያሳጥርልሻል። ነገር ግን እንደ ማስረጃ አትጥቀሺው፣ የጠቀሰውን ዋና ሰነድ ራስሽ ክፈቺ፤ ኦፖኔንትሽ፣ ማለትም ጽሑፍሽን የሚገመግመው መምህር፣ በመከላከያው ቀን የሚጠይቅሽ ይህንኑ ነው።

የሥርዓቱ የምስጢር ፖሊስ መዝገብ በማመልከቻ ይታያል። እዚህ ላይ አጥብቄ አስጠነቅቅሻለሁ። መዝገቡን የጻፈው ሰው አለቃውን ለማስደሰት የሚጽፍ ሰው ነው። ስለ አንዲት ተዋናይት የተጻፈውን ስትከፍቺ ከፖለቲካዋ ይልቅ ስለ ትዳሯና ስለ ግል ኑሮዋ የተጻፈ ልታገኚ ትችያለሽ። ያ ስለ እርሷ ሳይሆን ስለ ጸሐፊው ዓይን የሚመሰክር ሰነድ ነው፤ በዚያው መንገድ ተንትኚው። ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ የሰው ገመና ግን ከቤተ መዛግብቱ ይዘሽ አትውጪ። የተፈቀደልሽ መሆኑ ተገቢ አያደርገውም።

ዐሥሩን ቃለ መጠይቅ ተዪው። ሽቮርጾቫ በ2011፣ ኽራሞስቶቫ በ2019 ዐርፈዋል። በሕይወት ያሉት ታዋቂ ተዋንያን ስለዚያ ዘመን ብዙ ጊዜ ተጠይቀው መልሱ በአፋቸው ላይ ረግቷል፤ አንቺም የምታገኚው ያንኑ ነው። በምትኩ ሁለት ሰው ፈልጊ። አንዷ በዘመኑ በቲያትር ቤት የልብስ ክፍል የሠራች ወይም ቃል የረሳ ተዋናይ ሲኖር ከታች የምትጠቁም «ናፖቪየዳ» የነበረች ብትሆን፣ ሌላው በአፓርታማ ትርኢት ላይ ተመልካች ሆኖ የተቀመጠ ሰው ቢሆን መልካም ነው። «ምን ተሰማሽ?» ብለሽ አትጀምሪ። የት ተቀመጥሽ፣ ጫማሽን አወለቅሽ ወይ፣ ቡናውን ማን አፈላ፣ ስንት ሰዓት ወጣሽ ብለሽ ጠይቂ። የጽሑፍ ስምምነታቸውን ሳትቀበዪ መቅጃውን አትክፈቺ።

ምርጫሽን ሳየው ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው የተውኔት ንባብ ነው። ጋብሪዬላ ፕራይሶቫ በ1890 ለብሔራዊ ቲያትር ያቀረበችው፣ ያናቼክ በኋላ በ1904 ብርኖ ላይ በኦፔራ ያሳየው የየኑፋ ታሪክ አለ፤ የእንጀራ ልጇን ክብር ለማዳን ስትል ሕፃን የምትገድለውን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሴት ታሪክ በሴት ብዕር የሚያሳይ ነው። የምርሽቲክ ወንድማማቾች «ማሪሻ»ም በ1894 የወጣ ነው፤ ያለ ፈቃዷ የተዳረች ሴት ለባልዋ መርዝ የገባበት ቡና ታቀርብለታለች። ባልየው ጣዕሙ ሲለወጥበት ቡናውን ከየት ገዛሽ ይላታል፤ «ከአይሁዳዊው» ብላ ትመልሳለች። ስለ ጋብቻ የተጻፈው ተውኔት በዚያ በአንድ ቃል የመንደሩን ሌላ ጥላቻ ያወጣዋል። ግሩም ርእስ ነው፤ ግን ሁለቱም በሞራቪያ የገጠር ንግግር ተጽፈዋልና ላንቺ ቼክኛ አሁን አይሆንም። ሁለተኛው ቭልችኖቭ ነው፤ ብዙ ወር በመንደሩ መመላለስ፣ የልጁንም ወላጆች ፈቃድ ማግኘት ይጠይቃል። ለዶክትሬት አስቀምጪው።

ሦስተኛውን ውሰጂ። ርእስሽ «በሕዝብ ስም የምትናገር ሴት፦ ሽቮርጾቫና ኽራሞስቶቫ፣ ከ1976 እስከ 1979» ይሁን። ሁለት ተዋንያን፣ አራት ዓመት፣ ሁለት ክፍል፤ አንዱ አዳራሽ፣ ሌላው ሳሎን። ሽቮርጾቫን ለማውገዝ፣ ኽራሞስቶቫን ለመቀደስ አትጻፊ። የሁለቱንም አቋቋም፣ ልብስ፣ ድምፅ፣ የያዙትን ወረቀት፣ ፊት ለፊታቸው የተቀመጠውን ሰው በእኩል ትዕግሥት ግለጪ። ፍርድሽን አንባቢ ከገለጻው ያገኘዋል። ስለ ስሎቫክ ቲያትር አንድም ዓረፍተ ነገር አትጨምሪ፤ ቼኮዝሎቫኪያ አንድ መንግሥት ነበረች እንጂ አንድ ቲያትር አልነበራትም። ከአገራችን ቲያትር ጋር የማነጻጸር ሐሳብም ሊመጣብሽ ይችላል፤ እርሱ ራሱን የቻለ ጥናት ነውና ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ለንድፈ ሐሳብ ክፍሉ ከሩቅ ከመዋስሽ በፊት ደጃፍሽ ላይ ያለውን እዪ። የፕራግ የቋንቋ ክበብ ምሁራን በ1930ዎቹ ቲያትርን እንደ ምልክት ሥርዓት ማጥናት ጀምረዋል። ከእነርሱ መካከል ፔትር ቦጋቲሪዮቭ በ1937 ስለ ሞራቪያ ስሎቫኪያ የባህል ልብስ ሲጽፍ፣ ያገባችው ሴት ካላገባችው በራስ መሸፈኛዋ እንዴት እንደምትለይ፣ ልብስ እንዴት ዕቃም ምልክትም እንደሚሆን አሳይቷል። የአና ሆሉቦቫ የሽያጭ ሠራተኛ ልብስ ምንድን ነው? የኽራሞስቶቫ የቤት ልብስ፣ ሌዲ ማክቤዝን ስትሆንበት፣ ምን ይሆናል? ይህን በእርሱ መሣሪያ ፍቺው፤ ከዚያ በኋላ የምዕራቡን የጾታ ንድፈ ሐሳብ ብትጨምሪ ያምራል።

ለአማካሪሽ አሁን አንድ ገጽ ብቻ ላኪ፤ ርእሱን፣ አንድ ጥያቄ፣ አምስት ምንጭ። ከዚያ በፊት ግን የጃንዋሪ 29 ቀን 1977ን ሩዴ ፕራቮ ክፈቺና የመግለጫውን ጽሑፍ በራስሽ እጅ ወደ አማርኛ ተርጉሚ። እያንዳንዱን ግስ ስትደርሺበት ማን እንደሚናገር፣ በማን ስም እንደሚናገር፣ «እኛ» የተባሉት እነማን እንደ ሆኑ በኅዳጉ ላይ ጻፊ። ሦስት ቀን ይወስድብሻል። የመጀመሪያ ምዕራፍሽ ከዚያ ኅዳግ ይወጣል።